መሬት የሌለበት ቤት

ፍቅሩ ጀልባ ላይ ሊከርም ነው ሲባል የሰማ ሐበሻ ሁሉ ሀብታም ሆነ ብሎ አወራ። "ሎተሪ ደርሶት ደብቆን ነው" ያለም አልጠፋ። አንዷማ እኅቷን ልትድርለት አስባ ደወለችልኝና "ለመሆኑ ጀልባው ስንት መኝታ ቤት አለው?" አለችኝ። እኔ ነገሩን ከሥሩ ስለማውቅ በሳቅ ሞትኩ። ዛሬ ያ ክረምት በተነሳ ቁጥር ግን ሳቁ አይመጣልኝም።

ትርንጎ እባላለሁ። ያኔ፣ እንደ ፈረንጆቹ በዘጠና ስድስት ማለቂያ፣ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበል ነበር። ፍቅሩ ደግሞ መኪናቸውን ራቅ ያለው ሜዳ ላይ አቁመው የሚሄዱትን መንገደኞች ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ በመስታወቴ ፊት ይመላለሳል፤ ባለፈ ቁጥር ጡሩንባውን ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል። ሰላምታው ይኸው ነው። ቃል ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያስወልቅ የሚመርጥ ሰው ነበር።

አፉ የሚፈታው ስለ እናቱ ሲወራ ብቻ ነው። እማማ አይናዲስ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ፍቅሩም አንድ ለእናቱ ነው። በሱዳን በኩል ከአገር ሲወጣ ሳይሰናበታቸው ነው የወጣው። ቢሰናበታቸው ያለቅሱና ሰፈሩ ይነቃበት ነበር። ይህች ነገር ዕድሜውን ሙሉ እንደ እሾህ ሆዱ ውስጥ ተሰክታ ቀረች። ሌላው ሰው ዜግነት ሲያገኝ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ፍቅሩ ከመሐላው አዳራሽ ወጥቶ በቀጥታ የሄደው እናቱን ለማምጣት ማመልከቻ ሊያስገባ ነው።

ጀልባዋ የሚስተር ሮይ ናት። ሚስተር ሮይ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ በሥራ ዘመኑ በፍቅሩ አውቶቡስ ሲመላለስ ዝምተኛ ከዝምተኛ እንደሚግባባው ተግባቡ። ሚስቱ ስትሞት ቤቱን ሸጦ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተሰሜን ባለው በግሬፕቫይን ሐይቅ ማሪና፣ በጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት ፍሎሪዳ ያለች ልጁ ታመመችበትና ሊያስታምማት ተነሳ። "ክረምቱን አንተ እደርባት" አለው ፍቅሩን። "ማሞቂያው ከጠፋ ቧንቧዋ በውርጭ ይፈነዳል፣ ፓምፑ ከቆመ ውሃ ይሞላባትና ትሰጥማለች። ኪራይ አልፈልግም።" ፍቅሩ ዩለስ በምትባል ከተማ ውስጥ አፓርታማ የሚጋራው ጓደኛው ደግሞ ሚስቱን ከአዲስ አበባ ሊያመጣ ነበርና እሱም የሚወጣበትን ያስብ ነበር። የሚተርፈው ኪራይ ለእናቱ ቤት መያዣ ይሆናል። ተቀበለ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ መልስ ከጀልባዋ ንቅንቅ የሚያደርገው ጠፋ። ሠርግ ሲጠራ "ማሞቂያው" ይላል፣ ክርስትና ሲጠራ "ፓምፑ" ይላል። ዋና ደግሞ አይችልም። የደብረ ብርሃን ልጅ ዋናን ከየት ያመጣዋል?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከደብረ ብርሃን ስልክ መጣ። የተደወለው ለፍቅሩ አይደለም፤ ፕሌኖ ከተማ ልጃቸው ቤት ለሚኖሩት ለማኅበራችን አባት ለጋሽ አለማየሁ ነው። ደዋዩ የእማማ አይናዲስ የእኅት ልጅ ነበር። እማማ አይናዲስ ማታ እንደተኙ ጠዋት አልነሱም። "ፍቅሩ ብቻውን በስልክ እንዳይሰማ" አለ። "እናንተው እንደ ወጉ አርዱት። እስከዚያ እኛ ሲደውል ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ገብተዋል እያልን እናቆየዋለን።"

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ የትምወርቅ ቤት ተሰበሰብን። እትዬ የትምወርቅ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው የማይደምቅ ሴትዮ ናቸው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለማንኛችንም የሚያስተምረን አያስፈልግም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይገባበታል። ሁለት ጠንካራ ወንዶች ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ ሽማግሌው ይናገራል፤ ሴቶች ከኋላ ያለቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሆንና ሰው ሲገባ ሲወጣ ይሰነብታል። አሜሪካ ገብተን ብዙ ነገር ጥለናል፤ ይህን ግን አልጣልንም። ችግሩ ፍቅሩ ቤት የሌለው መሆኑ ነው።

"ሰው መርዶ ሲሰማ ራሱን ይጥላል" አሉ ጋሽ አለማየሁ። "ይጣል፣ መሬት ይቀበለዋል። እዚያ ግን መሬት የለም። ግራውም ቀኙም ውሃ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል ያደግን ሰዎች ለዚህ ልጅ ሐይቅ እናውሰው?"

"እንግዲያው ወደ አንዳችን ቤት እንጥራዋ" አልኩ።

"በንጋት ና ሲሉት የማይጠረጥር ሐበሻ አለ? ሃይዌይ ላይ ልቡ ሲጠፋ መሪውን ማን ይይዝለታል?" አሉ ጋሽ አለማየሁ።

"ከሰዓት ይሁን።"

"የማን ቤት?" አለ ታፈሰ። ታፈሰ የአውሮፕላን ምግብ የሚጭን፣ ቁመቱ በር የማያስገባው ልጅ ነው፤ ከያዦቹ አንዱ እሱ እንዲሆን ገና ሳይጠየቅ ታስቧል። "ማለቴ፣ የእኔ ማናጀር አንድ ኮምፕሌን ቢመጣብኝ ኢቪክት አድርጎ ያስወጣኛል። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ስናለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ኮል አድርጎ የሆነውን ታውቃላችሁ።"

ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሁሉም አፓርታማ ነው የሚኖረው፣ ሁሉም ማናጀር አለው። የጋሽ አለማየሁ ልጅ ሰፊ ቤት አለው፤ ሚስቱ ግን አራስ ናት፣ አራስ ቤት መርዶ አይነገርም። አይጦች ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር ብለው ተስማምተው፣ ማን ይሰር ሲባል የተበተኑት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

"ለማንኛውም ገና ደርሷል" አሉ ጋሽ አለማየሁ በመጨረሻ። "በዓሉን አናበላሽበት። ከገና በኋላ እናየዋለን።"

እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። "ከአርባዋ ብቻ አይለፍ" አሉ። "ፍትሐቱ ሲደረግ ልጇ ቆሞ ካልጸለየላት፣ አርባዋንም እኛ ሸሽገን ካሳለፍንበት፣ እሱ ይቅር ቢለን እንኳን እኔ ራሴን ይቅር አልልም።" ከስብሰባው ቁርጥ ያለው ይህ ብቻ ነበር። መርዶው ከአርባው በፊት ይነገራል። የት፣ እንዴት፣ በማን ቤት፣ የሚያውቅ የለም። ነገርና ወጥ ሲያድር ይጎመዝዛል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ግን ነገር ማሳደር ይወዳሉ።

እነሱስ ወደየቤታቸው ገቡ። እኔ ነኝ በየቀኑ የማየው። ጢጥ ጢጥ ያደርጋል፤ እጄን አነሳለሁ፤ እጄ ድንጋይ የታሰረበት ይመስለኛል። አንድ ቀን በእረፍቱ ሰዓት መስታወቴ ድረስ መጣ፤ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

"እማዬ ጠበል ገብታለች" አለኝ። "ከማሪናው ስልክ ኮሊንግ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። ለጉልበቷ ነው፣ ለበረራው። እስቲ አስቢው፣ እኔ ሳልነግራት ራሷ አስባ።"

"ጎሽ" አልኩት።

"ሶ፣ ዩለስ አንድ አፓርታማ አፕላይ አድርጌያለሁ። ፈርስት ፍሎር ነው፣ ስቴር የለውም፣ ደረጃ አያስወጣትም። በሩ ላይ አንዲት ዛፍ አለች፣ ከሥሯ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች።"

ሒሳብ ሊከፍል መስኮቴ ላይ የቆመው ባለ መኪና ጡሩንባ ነፋብኝና ገላገለኝ። በዚያ ሥራ ጡሩንባ የነፋብኝን ሰው ያመሰገንኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በገና ቤተ ክርስቲያን መጣ። አዳራሹ የኪራይ ነው፣ ሰዉ ግን ሞልቶ ነበር። ሚስጥሩን ያወቀው ሁሉ ፍቅሩን ሲያይ አላስችል አለው። አንዷ አቅፋ አትለቀውም፣ ሌላዋ ግንባሩን ትስማለች፣ ጋሽ አለማየሁ ትከሻውን ይዘው "አይዞህ ልጄ" ብለው፣ ደንግጠው ዞር አሉ። በገና ቀን አይዞህ ይባላል? እኔ ከጎናቸው ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፍቅሩ ወደ እኔ መጣና ቀስ ብሎ "ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነካው? እንዲህ የሚወዱኝ አይመስለኝም ነበር" አለኝ። ፊቱ በርቷል።

ከገና በኋላ የተባለው ከጥምቀት በኋላ ሆነ። "ታቦት ወጥቶ ሳይገባ መርዶ አይነገርም" ተባለ። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ፈሪ ሕግ ሲያወጣ የሚስተካከለው የለም።

በመካከሉ በረዶ ዘነበ። የእኛ አገር በረዶ ዓይነት አይደለም፤ ዝናቡ መሬት ሲነካ መስታወት የሚሆን፣ መንገዱን፣ ዛፉን፣ የመብራት ሽቦውን የሚለብጥ ነው። ሥራ ተዘጋ። በማግስቱ ፀሐይ ትንሽ ብልጭ ስትል ቀይ ወጤን በሳሕን ይዤ ወደ ማሪናው ነዳሁ። ሽማግሌው ሁሉ ገደል ይግባ፣ እኔ ብቻዬን እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምለውን ለራሴ ስደጋግም ሄድኩ።

ማሪናው ጭር ብሏል። ጀልባዎቹ ሁሉ ሸራቸውን አውርደው፣ ባዶ ምሰሷቸውን አቁመው፣ እንደ ተራቆተ ባሕር ዛፍ ተደርድረዋል። ነፋስ ሲመጣ በየምሰሶው ያሉት ገመዶች ብረቱን ኳ ኳ ያደርጉታል። ወደ ጀልባዎቹ የሚወስደው መተላለፊያ ራሱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሳንቃ ነው፤ በረገጥኩት ቁጥር ከሥሬ ይሸሻል። ፍቅሩ ከሩቅ አይቶኝ ጨው እየበተነ መጣና እጄን ይዞ አሻገረኝ።

የጀልባዋ ውስጥ የሚኒባስ ውስጥ ቢያክል ነው። ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው መካከሉ ላይ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ማታ አልጋ ይሆናል፤ አልጋው ሥር ፓምፑ አለ፤ ፓምፑ አጠገብ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጉልበቷን ጨርሳ ትተነፍሳለች። ከእሷ የሚወጣ ቢጫ ወፍራም የመብራት ገመድ በመስኮት አልፎ መተላለፊያው ላይ ካለው ምሰሶ ይሰካል። ፍቅሩ ካፖርቱን ለብሶ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቦ ነው የሚኖረው።

"አይበርድህም?" አልኩት።

"የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ እኮ" አለ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ አልጋው ሥር ገብቶ ዕቃ ያወጣ ጀመር። ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ወፍራም ብርድ ልብስ፤ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚመታ የብረት መያዣ፣ ስትታጠብ እንዳያንሸራትታት። "ወንበር ደግሞ አይቻለሁ፣ ክንድ ያለው፣ ከፍ ያለ። ዝቅ ያለ ላይ ከተቀመጠች መነሳት አትችልም" አለኝ። ብርድ ልብሱን እሱ ራሱ ለምን እንደማይለብሰው ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።

ሳሕኑን አስቀመጥኩ። "ፍቅሩ" አልኩ፣ "አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

ቀና ብሎ አየኝ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ጀልባዋን ገፋትና ወለሉ ከሥሬ ዞረ፤ ወደ በሩ ተንደርድሬ ሄጄ ጠርዙን ይዤ ተረፍኩ። በበሩ በኩል ያየሁት ውሃ ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይዞታል። የጋሽ አለማየሁ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እዚያ መሬት የለም። ይሄ ሰውዬ ተነስቶ በዚህ በር ቢወጣ እኔ በየትኛው ክንዴ ነው የምይዘው?

"ምንድነው?" አለኝ።

"ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን ብዬ ነው" አልኩት።

ቀመሰ። "ልክ ነው" አለ። እሱ ሲበላ ተቀምጬ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መኪናዬ ውስጥ ያለቀስኩትን ያህል የእናቴን ሞት ስሰማም አላለቀስኩም።

ጥምቀትም አለፈ። አርባው በሚቀጥለው ማክሰኞ ሊውል ሆነ፤ የሚሸሸግበት በዓል አለቀ። እትዬ የትምወርቅ ለጋሽ አለማየሁ ደውለው "እርስዎ ቅዳሜ ካልመጡ እኔ ሴቶቹን ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጁ ውሃ ቢገባም ተከትዬው እገባለሁ" አሏቸው። እሳቸውም ዋና እንደማይችሉ እናውቃለን። ቅዳሜ ንጋት፣ ማሪናው ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ዓርብ ዕለት ፍቅሩ አውቶቡሱን መስታወቴ ፊት አዘግይቶ በመስኮቱ አንድ ቁልፍ አንጠልጥሎ አሳየኝ። ጢጥ ጢጥ ሳይሆን ጢጥ ጢጥ ጢጥ አደረገ። የእናቱን ቤት ቁልፍ ተቀብሎ ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ደረስን። ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት፣ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ጋሽ አለማየሁ ልጃቸውን ልከው ለያዦቹ፣ ለታፈሰና አዲሱ ለሚባል ጓደኛችን፣ ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት አስገዝተውላቸው ነበር፤ በካፖርታቸው ላይ ሲያጠልቁት ጨርቃ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ከረጢት መሰሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አዲሱ የጃኬቱን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከፍቅሩ ጋር ሺፍት የሚቀያየር እሱ ነው።

የማሪናው ጠባቂ፣ ዳረል የሚባል ቀይ ጺም ያለው ሰው፣ በሩን ከፈተልን። ምን እንደመሰልነው እንጃ፤ ለጥምቀት የመጣን ሳይመስለው አይቀርም። መተላለፊያው ላይ እንደወጣን ሳንቃው በክብደታችን ወደ አንድ ጎን አጋደለና ውሃ ጫማችንን ነካው። "አንድ ላይ አትቁሙ፣ ተበተኑ፣ ተበተኑ!" አለ ዳረል። መርዶ ሊያረዳ የሄደ ሰው ተበተን ሲባል! ተበተንን። እንደ አጥር እንጨት ተራርቀን፣ አንዳችን የአንዳችንን እጅ መያዝ ሳንችል ቆምን።

ፍቅሩ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የታሰረችበት ገመድ ሌሊት በረዶ ይዞት ኖሮ ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ያፈስበታል። ሳንቃው ሲያቃስት ሰማና ቀና አለ። መጀመሪያ ብርቱካናማ ጃኬቶቹን አየ። ከዚያ ነጠላችንን። ጥለቱ አንገታችን ላይ መሆኑን አየ።

ፍቅሩ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በሙቅ ውሃ ያላላውን ገመድ ፈታ። ወደ ኋላ ሄዶ ሁለተኛውንም ፈታ። ከዚያ መተላለፊያውን በእግሩ ገፋው።

"ያዘው!" አሉ ጋሽ አለማየሁ። ታፈሰ ሮጠ፤ ሳንቃው አጋደለና በአራት እግሩ ተደፋ። ጀልባዋ ወደ ኋላ እየሸሸች ሄደች፣ የሰሜን ነፋስም ረዳት። ሞተር አላስነሳ፣ ሸራ አልዘረጋ፣ ዋና የማይችል ሰው ዝም ብሎ ምሰሶዋን ተደግፎ ይሄዳል። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለች። ቢጫው የመብራት ገመድ ነው የያዛት። ማሞቂያውን መንቀል ረስቶ ነበር። ገመዱ ከውሃው በላይ ተወጥሮ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም እዚያው ተገትራ ቀረች፣ እጅ የማይደርስበት፣ ድምፅ ግን የሚደርስበት ቦታ ላይ።

"አይምጡ ጋሽ አለማየሁ" አለ ፍቅሩ። "እባክዎን አይምጡብኝ። ጠበል ናት። ሐሙስ ዕለት ደውዬ ጠበል ናት ብለውኛል።"

ጋሽ አለማየሁ በዳላስና አካባቢዋ ስንቱን መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን እጃቸውን ብቻ ወደ ጀልባዋ ዘረጉ። እትዬ የትምወርቅ ጩኸታቸው እንዳያመልጣቸው ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከጮኹ ይዘላል ብለው ፈርተዋል። እኛ ወደ እሱ መሄድ አንችልም፣ እሱ ከእኛ መሸሽ አይችልም። ከራሳችን በላይ የጠዋት አውሮፕላኖች ጎማቸውን አውጥተው ይወርዳሉ። በየአንዱ አውሮፕላን ውስጥ የሰው እናት ትኖራለች ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ዳረል ረጅም ባለ ሜንጦ እንጨት ይዞ መጣ። የገባው ነገር የለም፤ ገመድ የተፈታበት ጎረቤት ነው የሚያየው። "ጉድ ሞርኒንግ፣ ፊክሩ!" ብሎ የጀልባዋን ጠርዝ በሜንጦው ያዘና፣ ለማንም ሰው እንደሚያደርገው፣ ጎትቶ አመጣት። ፍቅሩም "ጉድ ሞርኒንግ" አለው። በዚያ ሰዓት እንኳን ይሉኝታ አልለቀቀውም። ዳረል ገመዱን አሰረለት፣ "ዩ ጋት ካምፓኒ"፣ እንግዶች መጥተውልሃል፣ አለውና ሄደ።

ፍቅሩ ከጀልባዋ ወረደ። ታፈሰና አዲሱ ግራና ቀኝ ሊይዙት ሲጠጉ እጁን አነሳ። "እዚህ አትያዙኝ" አለ። "እዚህ አይሆንም።"

መንገድ ለቀቅንለት። በእያንዳንዳችን ፊት አለፈ፣ ማንንም አላየም። ሳንቃውን ጨረሰ፣ መወጣጫውን ወጣ፣ በጠጠሩ የመኪና ማቆሚያ አለፈ፤ እኛ ተራርቀን ተከተልነው። ከመኪናዎቹ ማዶ ውርጭ ያደረቀው ቢጫ ሣር አለ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። እግሩ ሥር ያለውን አየ። ከዚያ "እማዬ!" ብሎ በግንባሩ ወደቀ። ክረምቱን ሙሉ ማን ይይዘዋል ስንባባል ከርመን፣ ሲወድቅ የያዘው አልነበረም። ያዦቹ ጃኬታቸው ከብዷቸው ከኋላ ነበሩ። እትዬ የትምወርቅ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። ለቅሶው ያን ሐይቅ አቋርጦ ሄደ።

ብዙ ቆይቶ፣ ፊቱ ሣርና አፈር እንደሆነ፣ "መቼ?" አለ።

ጋሽ አለማየሁ አጠገቡ ተንበርክከው ነበር። "ማክሰኞ አርባዋ ነው ልጄ" አሉ።

ቀና ብሎ አየን። አንድ በአንድ ነው ያየን። "በገና የሳማችሁኝ ለዚህ ነው?" አለ።

"ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አሉት እትዬ የትምወርቅ። ከአፋቸው የወጣው ከልማድ ነው፤ እንዳሉት ግን ደነገጡ። እርስ በርሳችን ተያየን። የማን ቤት? ጥያቄው ታኅሣሥ ላይ ትተነው የሄድነው ቦታ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ፍቅሩ ከመሬት ሳይነሳ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሰደደና ቁልፉን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

በመኪናዬ ነው የወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ "ማታ ሄደሽ ማሞቂያው መሥራቱን እይልኝ። የሰው አደራ ነው።"

አፓርታማው እንዳለው ፈርስት ፍሎር ነው፤ በሩ ላይ ዛፍ አለች። ስከፍተው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ማሞቂያው ይሠራ እንደሆነ ሊያይ ከዋዜማው ለኩሶት ሄዶ ነበር። ብርድ ልብሱ ከነፕላስቲኩ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣው ተመትቷል። ሌላ ዕቃ የለም። ሳሎኑ መካከል አንድ ክንድ ያለው፣ ከፍ ያለ ወንበር ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀምጧል።

ሰው ጫማውን እያወለቀ ገባ። ቤቱ ሞላ፤ ጋሽ አለማየሁ እንኳን በዚያ ዕድሜያቸው ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም።